ዘይነባ የምትቀዝፍበት ሐይቅ

ከሲያትል የወጣሁበት ማታ ሰፈሬ ስካይዌይ ላይ ያቺ የምናውቃት ዝናብ ነበረች፤ የማታበሰብስ፣ የማታባራም። አገር ቤት ላላችሁት ልንገራችሁ፤ የትውልድ ከተማዬ የሐይቅ የነሐሴ ዝናብ ተቆጥቶ ይመጣል፣ ቁጣውን ተወጥቶ ይሄዳል። የሲያትሉ ግን መሄጃውን እንደረሳ እንግዳ ቁጭ ይላል። ሻንጣዬን መኪና ውስጥ ሳስገባ አከራዬ ጋሽ ደምሴ ከላይ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ታክሲ ነድተው ቤት የገዙ፣ እኔ ሳልመጣ በፊት የመጡ ሰው ናቸው። እኔ ምድር ቤቱን ተከራይቼ ነው የምኖረው። በዚያ ሰሞን አጠገቤ ባዶውን የነበረውን ክፍል ጨምሬ ተከራይቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ አልጋም አስገብቼበት ነበር።

«ሶ፣ ቁርጥ ሆነ? እህትህን ልታመጣት ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ኢንሻአላህ።»

«ከስዊድን?»

«ከስዊድን።»

«ወደ ስካይዌይ?»

«ወደ ስካይዌይ።»

ጢማቸውን አሻሹ። «ሰይድ ልጄ፣ ሰው ከስካይዌይ ወደ ስዊድን ሙቭ ላድርግ ብሎ ሲመኝ ሰምቻለሁ። የአንተን ግን ገና መስማቴ ነው። ለመሆኑ አንተ ራስህ ቤት የምትገኘው መቼ ነው?»

«ሥራ እቀንሳለሁ» አልኳቸው። እዚህ ያላችሁ የስደት ጓደኞቼ ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ። ሁላችንም እንላታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይነባ ታላቄ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ስገባ እሷ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ዜግነት እንዳገኘሁ በእህትነት አመለከትኩላት፤ የወንድምና የእህት ወረፋ ደግሞ ልጅ ወልደው አሳድገው እስኪድሩ የሚያስጠብቅ ነው። እኛ ስንጠብቅ እሷ በስንት መከራ ስዊድን ገባች፤ መንግሥት ዳላርና የሚባል አውራጃ፣ ሲልያን ከሚባል ሐይቅ ዳር ካለች መንደር ወስዶ አስቀመጣት። የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ሥራ ያዘች። ይኸው በመጨረሻ ወረፋው ደረሰና ስቶክሆልም ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ተሰጣት። እሷ ግን በስልክ እሺም እምቢም አትል። «መጀመሪያ ናና አገሩን እይ» ትለኛለች። እናታችን ደግሞ ከሐይቅ በደወለች ቁጥር፣ «ሁለታችሁን አንድ ከተማ አድርጌ ልሙት፤ ለሁለት አገር ዱዓ ማድረግ ደከመኝ» ትላለች። እኔም ይዣት እንደምመለስ ለእናቴ ቃል ገብቼ ተነሣሁ።

ስቶክሆልም ኤርፖርት ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ፖሊስ የመጣሁበትን ምክንያት ጠየቀኝ።

«እህቴን ልወስድ።»

«ወዴት?»

«ወደ አሜሪካ።»

«ፈቃደኛ ናት?»

«ገና አልነገረችኝም።»

ፓስፖርቴን እያገላበጠ ትንሽ አሰበና፣ «ሦስት ወር መቆየት ትችላለህ» አለኝ። ማኅተሙን መታና ጨመረበት፦ «እኔም እህት አለችኝ፤ ላይበቃህ ይችላል።»

ዘይነባ ውጭ ቆማ ነበር። ሽበት ጀምሯታል። አቅፋኝ ብዙ ቆየች፤ እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ። መኪናዋን የምትነዳው ራሷ ናት፤ ይህንን እንኳ አላውቅም ነበር። ከከተማው ገና ሳንርቅ፣ «እታለም፣ ስለ ቀጠሮው እናውራ» ስላት፣ መኪናውን ከመንገድ አውጥታ አንድ የገብስ ማሳ ዳር አቆመችው።

«መጀመሪያ ይህን እይ።»

ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ትክል ድንጋይ ነው። ዙሪያውን እባብ ተቀርጾበታል፤ በእባቡ ገላ ላይ ደግሞ ፊደል ተደርድሯል። ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል አለችኝ። አጥር የለውም፣ ዘበኛ የለውም፣ ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ ገብሱ መሐል ብቻውን ቆሟል።

«ማን ነው የሚጠብቀው?»

«ማን ይወስደዋል?»

«ምን ይላል?»

«ወንድም ለወንድሙ ያቆመው ነው። በመርከብ ወደ ምሥራቅ ሄዶ እዚያው ቀረ ይላል።»

«ስደተኛ ነበራ።»

«ያኔ ተራው የእነሱ ነበር» አለችና ሞተሩን አስነሣች። ስለ ቀጠሮው አንድ ቃል ሳንነጋገር መንደሯ ገባን።

ያ ዓመት ረመዳን ሰኔ ላይ የዋለበት ነበር። እኛ ዘንድ ሰኔ ጭቃ ነው፤ እዚያ ግን ፀሐይ መግባት የሚባል ነገር ትረሳለች። ማታ ስንት ተለምና ከጥዱ ጀርባ ትገባለች፤ ብርሃኑ ግን አብሯት አይገባም፣ ሰማዩ ወተት መስሎ ያድራል። «አንተ ሙሳፊር ነህ፣ መንገደኛ፤ ብላ» ብትለኝ፣ እሷ እየጾመች እኔ ምን ሆኜ ብዬ ግግም አልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ራሴ ቀለለኝ፤ እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን አገር የተራበ ሰው ያየው ነው ብላችሁ ስሙኝ። ግማሹ ሕልም ይመስለኛል።

ስለ ቀጠሮው ባነሣሁ ቁጥር አንድ ቦታ ትወስደኛለች። ፋሉን የሚባል ከተማ ወሰደችኝ። ለብዙ መቶ ዓመታት መዳብ ያወጡበት ጉድጓድ አለ፤ አፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ከጥንት ጀምሮ እንደ ፍልፈል ሲቦረቡሩት ኖረው፣ አንድ ቀን ተራራው ተንዶ ገባ። «ሰኔ ላይ በበዓላቸው ቀን ነው የተናደው» አለችኝ፤ «ሁሉም ቤቱ ስለነበር አንድ ሰው አልሞተም። ሥራ ያልገባ ተረፈ ማለት ነው።» ይህን ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ። የዚያ አገር ቤት ሁሉ ቀይ የሆነው ከዚሁ ጉድጓድ በሚወጣ አፈር እየተቀባ ነው፤ ማዕዘኑ ነጭ፣ ግድግዳው ቀይ፣ በረንዳው ላይ ሰው የለም።

ሌላ ቀን ወደ ሰሜን ስንነዳ ውለን ፏፏቴ አሳየችኝ። ሰኔ ሆኖ ሥሩ በረዶ አልቀለጠም። ከገደሉ ላይ ሲወርድ ውኃው ዱቄት ይሆናል፤ ጉሙ ፊቴን ሲያርሰው ጾሜ ፈረሰ አልፈረሰ ብዬ አፌን ገጥሜ ቆምኩ። ስትስቅብኝ የልጅነት ሳቋን ሰማሁት፤ ቤይሩት እያለች በስልክ ሰምቼው አላውቅም።

ስንመለስ ጫካ ውስጥ ገባችና ለኢፍጣር የሚሆን የዱር እንጆሪ መልቀም ጀመረች። እኔ መንገዱ ላይ ቀረሁ።

«እታለም፣ የሰው መሬት ነው። ይተኩሱብናል።»

«ማን ነው የሚተኩሰው?»

«ባለቤቱ።»

«አሜሪካ ምን አድርገውሃል አንተ ልጅ?» አለች። «እዚህ ጫካ የሁሉም ነው። ቤታቸውን አትጠጋ፣ ቅርንጫፍ አትስበር፣ ቆሻሻ አትጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሂድበት።» እኔ ግን እስክንወጣ ድረስ ግራ ቀኝ ሳይ ነበር። ማታ ያንን እንጆሪ ፊል ከሚሉት እርጎ ጋር በላን፤ እርጎው የአገር ቤትን እርጎ ይቀናቀናል። ደረቁን ቂጣቸውን ግን ጥርስ ያለው ይብላው።

እሑድ ጠዋት፣ «ዛሬ ሥራ አለኝ፣ አብረኸኝ ና» አለችኝ። ሐይቁ ዳር ወረድን። ሲልያን እንደ እኛው ሐይቅ ኮረብታ የከበበው ነው፤ ሰፊ ነው እንጂ ዝምታው ያው ነው። ረጅምና ጠባብ ጀልባ ቆሟል፤ አፍንጫው ሽቅብ የተቀሰረ፣ በግራና በቀኝ አሥር አሥር መቅዘፊያ ያለው። ድሮ መንገድ ስላልነበረ በየመንደሩ ያለ ሰው በጀልባ ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መቀመጫ ነበረው። ዛሬ መንገዱም መኪናውም አለ፤ እነሱ ግን በጋቸው ሲመጣ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው አሁንም ይቀዝፋሉ። ዘይነባ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ከሁለት አሮጊቶች መሐል አልፋ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አሮጊቶቹም ሻሽ አስረዋል፤ ከሩቅ ብታዩ ለይታችሁ አታውቋትም።

«ምን እያደረግሽ ነው? በረመዳን ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ትቀዝፊያለሽ?» አልኳት በአማርኛ።

«የወሎ ልጅ መሆንህን ሲያትል ነው ያስረሳህ?» አለችኝ። «አባባ ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ድንጋይ ሲያቀብል አላየህም?»

ጎረቤቷ ኢንግሪድ፣ ትከሻዋን አሟት መቅዘፍ የተወች አሮጊት፣ ዳር ቆማ ሰው ትቆጥራለች። አንዱ ቀዛፊ ታሞ ቀርቶ ኖሮ፣ በምርኩዟ እኔን አመለከተችኝ። እምቢ ብንላቸው አይሰሙንም መሰለኝ፤ ራሴን ከዘይነባ ኋላ ተቀምጬ አገኘሁት።

እግዜር ያሳያችሁ፤ በባዶ ሆድ። መጀመሪያ መቅዘፊያዬ ከሰው መቅዘፊያ ተጋጨ፣ ቀጥሎ ውኃ ረጨሁ። እየቆየ ግን እጄ እንደነሱ መሄድ ጀመረ። ማንም አይናገርም። ውኃው ይንሿሿል፣ ኮረብታው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የእህቴ ጀርባ ከፊቴ ጎንበስ ቀና ይላል፤ እኔም በእንቅልፍ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ሲደክመኝ መቅዘፊያዬን አነሣሁ። ጀልባው ወደ ጎን ዞረ።

«ሰይድ፣ አግባው» አለች ሳትዞር።

«ደክሞኛል።»

«ደክሞሃል፤ አግባው።»

አገባሁት። ጀልባው ተቃና።

ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፤ እኔና ዘይነባ ጀልባ ጠባቂ ሆነን ቀረን። የእሑድ ሥራዋ ይህ ነው። የገባውን ውኃ በቆርቆሮ ስትጨልፍ አይቼ አላስቻለኝም።

«ቀጠሮው በሚመጣው ሳምንት ነው» አልኳት። «ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም?»

ቆርቆሮውን አስቀመጠች። «አልመጣም፣ ወንድሜ።»

ተናደድኩ። «ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቄ! ክፍልሽን ቀለም ቀብቼ!»

«አላህ ይስጥህ። ቀብተሃል፣ አውቃለሁ።» ወደ ውኃው ዞረች። «እዚህ ስመጣ ሁለት ክረምት በሬን የሚያንኳኳ አልነበረም፤ ጨለማው እንደ ብርሃኑ ነው፣ አይነሣም። ብሞት መሞቴን የሚናገርልኝ ሽታዬ ነው እል ነበር። አንድ ቀን ኢንግሪድ መጣችና፣ መቀመጫችንን የሚይዝ ልጅ የለኝም፣ መቅዘፍ ትችያለሽ ወይ አለችኝ። የሐይቅ ልጅ ነኝ አልኳት። ዋሸኋት፤ በታንኳ ተቀምጬ እንጂ ቀዝፌ አላውቅም። አሁን እኔ ብቀር ይቺ ጀልባ እንደምትጣመም አይተሃል። ቤቴ ድረስ መጥተው ነው የሚፈልጉኝ። ሲያትል ብመጣ አንተን እየጠበቅኩ መስኮት ላይ መቀመጤ ነው።»

«እኔ እኮ አለሁ» አልኩ።

«አለህ» አለችኝ፤ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። ቅናት ያዘኝ፤ በማን እንደቀናሁ ግን ለራሴም አልነገርኩት።

ሲያትል ተመልሼ ለእናቴ ሳልደውል ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ሶዶ በሚሉት የሲያትል የመጋዘን ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ፊት ለፊት ትራኬን ፓርክ አድርጌ ጭነት ስጠብቅ ራሷ ደወለች። እዚያ መሽቶ መግሪብ አልፏል።

«ሰይዴ፣ ደረሳችሁ?» አለችኝ።

ስለ ድንጋዩ ጀመርኩላት። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ፏፏቴው፣ ስለማይጨልመው ሌሊት ነገርኳት። «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለች ብዙ ታገሠችኝ።

«ልጄ» አለች በመጨረሻ፤ «አገር እንድትጎበኝ ነው የላክሁህ?»

«አልመጣችም፣ እማዬ።»

ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። ያኔ ስለ ጀልባው ነገርኳት፤ መቀመጫ እንዳላት፣ ስትቀር ቤቷ ድረስ እንደሚመጡ።

«ብትቀር የሚፈልጋት ሰው አለ ማለት ነው?»

«ጀልባ ሙሉ ሰው አለ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ትንፋሿ ሲወርድ ሰማሁት። «እንግዲህ ስለ እሷ ልቤ ዐረፈ። አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አንተ አንድ ቀን ብትቀር ማን ይፈልግሃል?»

ከመጋዘኑ በር ላይ ባለቢጫ ሰደርያው ሰውዬ ተራዬ መድረሱን በእጁ ያሳየኛል። «ሥራ ቦታ አሉ፣ እማዬ» አልኳት፤ «አምስት ደቂቃ ከዘገየሁ እንኳ ኮል ያደርጋሉ።»

«ስለ ሥራማ አልጠየቅኩህም» አለችኝ።