ከቱቦ የተሠራው መጭመቂያ

በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የተቃጠለ ዘይት ሲሸተኝ እግሬ ቀጥ ይላል። መንገደኛው እየገፋኝ ያልፋል፤ እኔ ግን በልቤ ንፋስ መውጫ ከተማ ነኝ፣ ዘመኑም የጃንሆይ ነው።

ያኔ የከተማችን ወፍጮ ተሰብሮ ነበር። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተፈረካክሶ፣ አዲሱ ደግሞ በመዶሻ ቢሉት በምን አልገባ አለ። ባለወፍጮው ወንድሜን «ካስነሣህልኝ ሥራው ያንተ ነው» አለው። ወንድሜ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ተቆርጦለት ጎጆ መውጫ ሲያጣ የከረመ ሰው ነው። እጮኛው የውሃ ጓደኛዬ ነበረች፤ ምንጭ ስንወርድ ስለ እሱ እየጠየቀች ታደክመኝ ነበር።

ወንድሜ ደሴ ከተማ ጋራዥ ሲሠራ ኩሽኔታ ገፍቶ የሚያስገባ መጭመቂያ አይቷል። መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱትን ወፍራም የብረት ቱቦ ለቃቀመ፣ ከአንድ ሾፌርም የጭነት መኪና ማንሻ ክሪክ ተዋሰ። ሁለት ቋሚ፣ ከላይና ከታች አግዳሚ፣ መሐል ላይ የሚገፋው ክሪክ። ቡሎን እንዲያስገባ ግን ቱቦው በእሳት ግሎ መበሳት ነበረበት፤ እሳቱም መብሻውም ያለው ቀጥቃጩ ቤት ነው። በአገራችን ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል። የምናርሰው በእሱ ማረሻ ነው፣ ማዕድ ግን የሚጋራው የለም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሽማግሌው ቀጥቃጭ አስጠንቅቆት ነበር። ወንድሜ መዶሻውን ሲያነሣ «ተው ልጄ፣ አንተ የጨዋ ልጅ ነህ። ዛሬ ገበያ ነው፣ ሰው ያይሃል» አለው።

«እርስዎ መብሻውን ይያዙልኝ አባባ፣ እኔ ልምታው። ሳይቀዘቅዝ!»

ገበያተኛው ሁሉ አየው።

መጭመቂያው ሠራ። እኔ የክሪኩን እጀታ ስነቀንቅ ኩሽኔታው እያቃሰተ ዘንጉ ላይ ተንሸራተተ። ወንድሜ «ገባ እታለም፣ ገባ!» እያለ በዘይት እጁ ፊቴን አበላሸው። እንዲያ ሲስቅ ዳግመኛ አላየሁትም።

ብዙም ሳይቆይ ከእጮኛው ቤት ሽማግሌዎች መጡ። «ልጃችሁ ብረት መቀጥቀጥ ጀምሯል አሉ። እኛ ዘር ቆጥረን ነበር የሰጠነው» ብለው ቃሉን አፈረሱት። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። ወንድሜ ነገ የሚፈጭ እህል አለብኝ ብሎ ወጣ።

የአገሩ ሴት ከመጅ ተገላገለ። በወፍጮው የማይጠቀም አልነበረም፣ ወሬውም አልቆመም።

ከፋሲካ በኋላ የልጅቷ እናት እህል አስጭነው መጡ። ልጃቸውን ለሌላ ሊድሩ ነው፣ እህሉም የሠርጓ ነው። ወንድሜ አልሞ ፈጨላቸው፤ እንደዚያ የላመ ዱቄት አይቼ አላውቅም። ስልቻውን ሊያቀብላቸው ሲዘረጋ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«መሬት ላይ አስቀምጠው» አሉት።

አስቀመጠው። ከዚያም ለማንሣት እንዳይሳቀቁ ብሎ፣ ራሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለላቸው።