እትዬ አስቴር ኦርጋናቸውን ይዘው እንጦጦ የወጡ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ወሰን አካባቢ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ መኪናዬ እስኪሠራልኝ ቆሜ ሳለ፣ ሁለት ወጣቶች ማቀዝቀዣ በትንሽ የጭነት መኪና ላይ ሲያስሩ አየሁ። አንደኛው የቀበቶውን የብረት እጀታ ከፍ ዝቅ ባደረገ ቁጥር ጥርሱ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ቀበቶው ደግሞ ጥቂት በጥቂት እየተወጠረ ይሄዳል። ዛሬ ይህ የትም ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው። እኔ ግን ያን ድምፅ ስሰማ አሁንም የሰኔ ጭቃና የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ነው የሚመጣብኝ።

ጊዜው ደርግ ጸሎት ቤቶቻችንን የዘጋበት ዘመን ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የምሠራ፣ ገና ትዳር ያልያዝኩ ወጣት ነበርኩ። የእኛም ጸሎት ቤት ታሽጓል። ሦስትም አራትም እየሆንን በየሰው ቤት እንሰበሰባለን፤ የጎረቤት ዓይን ሲበዛብን የልጅ ልደት ነው እንላለን። ያን ሰሞን ልደቱ የማያልቅ ልጅ በየቤቱ ነበር።

ከንብረታችን ሁሉ የተረፈው አንድ ኦርጋን ነው። በእግር እየተረገጠ በአየር የሚሠራ፣ ሙሉ እንጨት፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ። በሩ ሳይታሸግ በፊት አውጥተን የካ ዳገቱ ሥር እትዬ አስቴር በተከራዩባት አንዲት ክፍል አስገብተነው ነበር። እትዬ አስቴር በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ኦርጋኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጫወቱት ኖረዋል። አሁን ግን ድምፁ እንዳይሰማ አየር ሳይሞሉት ጣቶቻቸውን ብቻ እላዩ ላይ ያመላልሳሉ። አንድ ቀን እንዲህ ሲያደርጉ ደርሼ በሩ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙት ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ አከራያቸው መጡና፣ ከቀበሌ ስለ ዕቃው እየተጠየቁ መሆናቸውን ነገሯቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እርስዎ ይውጡ» አሏቸው። እትዬ አስቴርም «እንግዲያው አብረን እንወጣለን» ብለው መለሱ።

ወዴት ይወጣል የሚለውን የፈታልን ጓደኛዬ ገመቹ ነው። ገመቹ በድርቁ ምክንያት ወደ ሰሜን እህል የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እናቱ እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መካከል ሰፊ ግቢ አላቸው። የማርያምን ደጅ ሳይሳለሙ የማይውሉ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ስለዚህ እንዴት ይቀበሉናል ብዬ ሰጋሁ። ገመቹ ግን ነግሯቸው ኖሮ፣ እናቱን በኦሮምኛ እንደሚጠራቸው፣ «ሃርሜ ‹ቀለብ ይፈልጋል?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹አይ› ስላት፣ ‹ታዲያ ምን ቸገረኝ› አለች» አለኝ።

በዕረፍቱ ቀን የአማቹን አሮጌ ፒክ አፕ ይዞ መጣ። እኔ ገመድ ገዝቼ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ሥር ጆንያ አወጣና መሬት ላይ ዘረገፈው፤ በከባድ መኪናው የሚገለገልባቸው ባለ ጥርስ ቀበቶዎች ናቸው። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም። አንድ በአንድ እየዘረጋ በሁለት ጣቱ መካከል ያሳልፋቸዋል፤ ጠርዙ የተተለተለውን፣ ስፌቱ የላላውን ወደ ጎን ይጥላል፤ መንጠቆው የተጣመመውንም እንዲሁ። በመጨረሻ ሁለት ሰፋፊዎች ቀሩ።

«ቀጭኑ ይቆርጠዋል፤ ሰፊው ያቅፈዋል» አለ። «ሲዘረጋም እንዳይጠመዘዝ። የተጠመዘዘ እየላላ ይሄዳል።»

ከጸሎት ቤታችን ሁለት ልጆች አግዘውን ኦርጋኑን አራት ሆነን አወጣነው። ጀርባውን ከሾፌሩ ክፍል አስጠግተን አቆምነው፤ አንዱን ቀበቶ ወገቡ ላይ፣ ሌላውን አናቱ ላይ አሳለፍን። ማዕዘኖቹ ሥር የታጠፈ ጆንያ አደረግን። ገመቹ እጀታውን ሲያንቀጫቅጭ እትዬ አስቴር እጃቸውን ከእንጨቱ ላይ አላነሱም። አንድ ቦታ ላይ «በቃ ልጄ፤ ከዚህ በኋላ ይሰነጠቃል» አሉት፤ እሱም ወዲያው ተወው። ፍራሽ፣ ድስትና የልብስ ስፌት መኪናቸውን በዙሪያው ደርድረን ተነሣን። የሚያየን ሰው ቤት የሚቀይሩ ሰዎች ይለናል፤ ውሸትም አልነበረም።

ዳገቱ ሳይጀምር ኬላ ነበር። ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ፍራሹን ገለጠና ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ገመቹ ቁም ሣጥን ሊል አፉን ሲከፍት እትዬ አስቴር ቀደሙት። «ኦርጋን ነው። መጫወቻ።»

«የጸሎት ቤት ነው?»

«የጸሎት ቤት ነበረ። አሁን ከእኔ ጋር ነው።»

ሰውዬው አለቃውን ጠራ። ጠይም፣ ድካም የሚታይበት ጎልማሳ መጣና ውስጡ ወረቀት ወይ መሣሪያ እንዳለ ለማየት ፍቱት አለን። ቀበቶዎቹን ፈትተን ሳንቃውን ከፈትንለት። ውስጡን በባትሪ ቃኘው፤ ምንም የለም። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «በእውነት የሚጫወቱበት ከሆነ ይጫወቱ» አላቸው።

እትዬ አስቴር ፒክ አፑ ላይ ወጥተው የስፌት መኪናው ሣጥን ላይ ተቀመጡ። መዝሙር እንዳይጫወቱ ፈራሁ። ሁላችንም ያደግንበትን የሠርግ ዜማ ጀመሩ። ያ ለስንት ጊዜ አየር ያልገባበት ዕቃ መጀመሪያ አቃሰተ፣ ከዚያ ተከፈተ። ከባሕር ዛፍ ቅጠል ሸክማቸው ጋር ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ቆሙ፤ አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ ትከሻዋን ነቀነቀች። አለቃው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ እስኪያልቅ ሰማ።

«ሂዱ» አለ። መንገዱን ሊከፍት ሲል ግን ያ የመጀመሪያው ሰው አንዱን ቀበቶ አነሣና፣ «ይሄ ለእኛ መኪና ይሆናል» ብሎ ትከሻው ላይ ጣለው።

እንግዲህ አንድ ቀበቶና የእኔ ገመድ ቀረን። እኔ ቀበቶው አናቱ ላይ ይሁን፣ እንዳይወድቅ አልኩ። ገመቹ አልተስማማም። «ዳገት ነው ደረጀ። ወደ ኋላ ነው የሚንሸራተተው። ቀበቶው ወገቡን ወደ ፊት ይያዝ፤ ገመዱ አናቱ ላይ ይሁን።» እንደዚያ አደረግን። ዝናቡ ጀመረ።

ሽቅቡ ላይ አንዱን ጠመዝማዛ ስንዞር ከኋላ እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ሰማን። ገመዱ ተበጥሷል። ገመቹ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ዘለለ፤ እኔ በየጎማው ሥር ድንጋይ ወተፍኩ። ኦርጋኑ በገደሉ በኩል አዘንብሏል፤ ያን ሁሉ ክብደት የያዘው ያ አንድ ቀበቶ ነው። ጆንያው ከሥሩ ሾልኮ ወድቆ ኖሮ የእንጨቱ ስለታም ጠርዝ ቀበቶውን ይገዘግዘዋል። ፈትሉ አንድ በአንድ ሲበጠስ ይታየኛል።

ወጣሁና ትከሻዬን አስደግፌ ገፋሁት፤ ገመቹ ከጎኔ ሆነ። ጥቂት ቀና አለ፣ ቀበቶውም ላላ። «የሚገባ ነገር አምጡ! ወፍራም ነገር!» አለ ገመቹ።

እትዬ አስቴር ዙሪያውን አላዩም። ጭቃው ላይ እንደቆሙ የቆዳ ጫማቸውን አወለቁና አንዱን በአንደኛው ማዕዘን፣ ሌላውን በሌላኛው፣ ከቀበቶው ሥር ወሸቁት። ለእሑድ ብቻ የሚያደርጉት፣ ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ጫማ ነበር። ገመቹ እጀታውን ያዘ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የተበጠሰውን ገመድ ቀጣጠልን። እኔ እላይ ሆኜ በጀርባዬ ደገፍኩት፤ ፒክ አፑም በአንደኛ ማርሽ ማቃሰት ጀመረ።

እትዬ አስቴር ግን ሾፌሩ ክፍል አልገቡም። «ሸክሙ ይቀልለታል» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በእግራቸው ተከተሉን። ከላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ነጠላቸው በዝናቡ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል፤ ዓይናቸው ከኦርጋኑ አይነቀልም። በሕይወቴ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሲከተል አይቻለሁ፤ እንዲያ ያለ አከታተል ግን አላየሁም።

የገመቹ እናት በር ላይ ጠበቁን። መጀመሪያ ያዩት የእትዬ አስቴርን እግር ነው። ሙቅ ውኃ አስቀረቡ፤ «ኧረ እኔው ልታጠብ» ቢሏቸውም አልሰሙም፤ በገዛ እጃቸው አጠቧቸው። ጭኮ በቀንድ ማንኪያ ቀረበልን፣ በላዩም አሬራ። የገብሱ ሽታና ቅቤው፣ ከውጪ የሚንጠባጠበው ዝናብም አሁንም አብረው ነው የሚታወሱኝ። ኦርጋኑን ተጋግዘን ካስገባን በኋላ እትዬ አስቴር በባዶ እግራቸው መርገጫውን ረግጠው፣ በዙሪያችን ከዛፍ በቀር ሰው ስለሌለ፣ የልባቸውን ተጫወቱ። እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ኦርጋኑ ደርግ እስኪወድቅ እዚያው ቆየ። እትዬ አስቴር ቆይተው ከተማ ሌላ ክፍል ተከራይተው ቢወርዱም በየጊዜው እየወጡ ይጫወቱት ነበር፤ ሁለቱ ሴቶችም እንደ እኅትማማች ሆኑ። ጸሎት ቤታችን ሲከፈት ስናወርደው የእትዬ አስቴር ጣቶች በቁርጥማት ታጥፈው ስለነበር የተጫወተችው ያስተማሯት ልጅ ናት። እሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው አዳመጡ። ሁለቱም ሴቶች አሁን በሕይወት የሉም።

ከጋራዡ እንደተመለስኩ ለገመቹ ደወልኩ። ጆሮው ደክሟል፤ ጮክ ብዬ ነው የማወራው። ከዚያ ቀን ምን ታስታውሳለህ አልኩት። ኬላውን፣ ገደሉን ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«የሃርሜን ሳቅ» አለኝ። «እትዬ አስቴር ሲጫወቱ ሃርሜ እንደ ልጅ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።»

እኔ አላየሁም ነበር። እንባዬን ስጠርግ አልፎኝ ይሆናል። ያን ቀን ከማንም በላይ የማስታውስ እኔ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት አወራሁት፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በአጠገቤ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ ኖሯል። ስልኩን ዘግቼ፣ በዚያ ጭስ በጠቆረ ቤት ውስጥ የእናቱን ፊት ለማግኘት እየሞከርኩ፣ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥኩ።