ሦስት ጫማ ይዘን የተመለስንበት ሽርሽር

ይህን ጉዞ ለጋዜጣ አንባቢ መጻፍ ይገባል ወይ ብዬ ሁለት ቀን አሰብሁ። ትልቅ ሰው የለበትም፣ ትልቅ ነገርም አልተፈጸመበትም፤ ያለበት አንድ የሕፃን ጫማ ነው። ጓደኛዬን ባማክረው «ጫማ ጠፋ ብሎ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ። ቢሆንም ልጅ ይዞ ወደ ቆላው ለመዝናናት የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ጻፍሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ መተማ ዮሐንስ

የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ግቢ እስክንጠራ ድረስ ታላቅ እህቴ እታለም ዘንድ ተቀምጫለሁ። እታለም ነርስ ናት። ዛሬ ተረኛ ስለሆነች የስምንት ዓመቱን ናሆምንና የአምስት ዓመቷን ሶስናን ኮኪት አጠገብ ወዳለው የጋሽ ደሴ ማሳ ልወስዳቸው ቃል ገብቻለሁ። ጋሽ ደሴ የባለቤቷ አጎት ናቸው። ዝናቡ አቁሟል፣ ሰሊጡ እየታጨደ ነው፣ ፀሐዩም እንደ ሚያዝያ አናት አይበሳም። በቆላ ከልጅ ጋር ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

ችግሩ ሶስና «አዲሱን ቀይ ጫማዬን ካላደረግሁ አልሄድም» ማለቷ ነው።

«እሱ የሰኞ ነው!» አለች እታለም። ሰኞ ሶስና በመዋዕለ ሕፃናቱ ሰልፍ ፊት ቆማ መዝሙር ታስጀምራለች።

«ልለማመድበት ነው» አለች ሶስና።

እህቴ ልጅቷን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «እንደወሰድኻቸው መልስልኝ። የጎደለ ነገር ቢኖር ካንተ ነው የምቀበለው።»

እኔም ጥንቁቅ ሰው ነኝና ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ጻፍሁ፦ ልጅ ሁለት፣ ጫማ አራት፣ የውሃ ጠርሙስ ሁለት፣ ኮፍያ ሦስት፣ የእኔን ጨምሮ። እታለም አነበበችና «ፈርም» አለች። ፈረምሁ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

1 ሰዓት ተኩል፤ ሚኒባስ ውስጥ

ሶስና ጭኔ ላይ ናት። እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ ጫማዎቹ አቧራ እንዳይነካቸው ትጠብቃለች። ሾፌሩ በመስታወት አየንና «ልጆቹን ሐኪም ዘንድ ነው?» አለኝ።

«አይደለም፣ ለመዝናናት ነው። የሰሊጥ ማሳ ላሳያቸው።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ከኋላዬ ማጭዱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ የተቀመጠ የጎጃም ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ወንድሜ፣ እኔ ሃያ ቀን ሙሉ ስዝናናበት ከረምሁ። እስቲ ወገቤን እይልኝ!»

3 ሰዓት፤ ኮኪት

መንገዱ ዳር የጭነት መኪና ተሰልፏል፤ ሆዱ የተከፈተ ትራክተር፣ ዘይት የጠጣ አሸዋ፣ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች። ናሆም አሥራ ሰባት ትራክተር ቆጠረ፤ የተበላሹትንም ጨምሮ ነው። ፉል በሽንኩርትና በዘይት በላን፣ በረዶ የገባበት ካርካዴ ጠጣን። ካርካዴው የሶስና ቀሚስ ላይ ፈሰሰ፣ ጫማዋን ግን ሳተው። እርሷ እፎይ አለች፤ እኔም አብሬ።

5 ሰዓት፤ ማሳው

በትራክተር ተሳቢ ላይ ተንጠን ደረስን። ያ የጎጃም ሰውም አብሮን ወረደ፤ ለካ የሚያጭደው እዚሁ ነው። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ እንደ ትንንሽ ጎጆ እስከ አድማስ ቆሟል። አንዱን ጎጆ ሂላ ይሉታል። ጋሽ ደሴ ልጆቹን ሰብስበው አስጠነቀቁ፦

«ይህ አፉ የተከፈተ ጠርሙስ ነው። ፍሬው አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ይደርቃል። ካጋደላችሁት መሬት ይጠጣዋል። ሸራ ሳይነጠፍ ማንም አይነካውም። ኸላስ!»

ኸላስ ከሱዳን የመጣ ቃል ነው፤ እዚህ አገር ከእርሱ በኋላ ክርክር የለም። ሶስና አፏን ከፍታ ሰማች።

ከዚያ ጅግሮች ተነሡና ልጆቹ ተከትለው ሮጡ። ሲመለሱ ሶስና በአንድ እግሯ እየዘለለች ነው።

«ሁለተኛው ጫማሽስ?»

«ሞቀው። ጎጆ ውስጥ አስተኛሁት።»

ወዳሳየችኝ ሂላ ሄጄ በአገዳው መካከል አጮለቅሁ። ከውስጥ፣ ሩቅ፣ ቀይ ነገር ይታያል። እጄን ባስገባ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ቦታው እንዳይጠፋኝ ኮፍያዬን ከሥሩ አስቀምጬ ጋሽ ደሴን ልጠራ ሄድሁ። ገና ጉዳዩን እያስረዳኋቸው ሳለ የጎጃሙ ሰው እያለከለከ ደረሰ።

«ተማሪው! ኮፍያህን ጥለኸው ሄድህ እኮ!»

«ከየት አነሣኸው?»

«ከዚያ» አለ፣ እጁን ከአድማስ እስከ አድማስ እያዞረ።

ሶስና አንዱን ሂላ ጠቆመች፣ ናሆም ሌላውን፣ እኔ ሦስተኛውን። አጮለቅን፤ ፀሐዩ ዞሯልና ሁሉም ውስጡ ጨለማ ነው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ደሴ፣ «ለአንድ ጫማ ብዬ ያልደረቀ ሂላ አላፈርስም።»

«መቼ ያራግፉታል፣ ጋሼ?»

«ሲደርቅ።»

«መቼ ይደርቃል?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ዩኒቨርሲቲ የገባኸው አንተ!»

11 ሰዓት፤ መተማ ዮሐንስ

እታለም ግድግዳው ሥር ቆማ እየቆጠረች ተረከበችን። «ልጅ ሁለት። ጠርሙስ ሁለት። ኮፍያ ሦስት። ጫማ...» ዓይኗ የሶስና ባዶ እግር ላይ አረፈ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

«አራት ነው፣ እማ» አለች ሶስና። «አንዱ ገና አልደረቀም።»

እሑድን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ፤ በቁጥሯ የተገኘው ጫማ ሰማያዊ የላስቲክ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሶስና አንድ እግሯ ቀይ፣ አንድ እግሯ ሰማያዊ ሆና ሰልፍ ፊት ቆመች። እኔ አጥሩ ጥግ ተደብቄ አያለሁ። መምህርቷ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት። «ሂላ ውስጥ ነው» ስትል ሰማሁ። መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች፣ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም፤ የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ናት። መዝሙሩም ተጀመረ፣ ከፍ ባለ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ሶስና በየማታው «ደረቀ?» ትለኛለች። እኔም ጋሽ ደሴ ጋ እደውላለሁ። በመጨረሻ ስልኬን ማንሣት ተዉ።

አንድ ቀን ያ የሚኒባስ ሾፌር በር አንኳኳ። «ከጋሽ ደሴ ነው። እንዳታጋድለው ብለው አስምለውኛል።» ቀዩ ጫማ ነበር፤ እስከ አፉ ሰሊጥ ተሞልቷል። ሰሃን ላይ ልገለብጠው ስል ሶስና ጮኸች፦

«ሸራ!»

እታለም ከአልጋዋ አንሶላዋን ገፍፋ አነጠፈች። ሶስና ዙሪያውን ቃኘች፤ አንሶላውን የረገጥሁትን እኔን ወደ ኋላ ገፋችኝ፤ «ኸላስ!» ብላ አራገፈችው። አንድም ፍሬ መሬት አልነካም። ጫማውን እዚያው አጠለቀችና በአንሶላው ዙሪያ ተራመደች።

እህቴ ወረቀቴን ከግድግዳው ነቅላ ከፊርማዬ በታች እንዲህ ጻፈች፦ «ጫማ አራት። በሙሉ ተረክቤያለሁ። ኅዳር 9 ቀን።»