መርፌ የሚያስጨንቀው ዓሣ

ዛሬ አከራዬ እማማ ዘሃራ በዓሣ ቀኑ።

ለስኳር ሕመማቸው ኢንሱሊን ፍለጋ ከ18 ማዞሪያ እስከ አስኮ ድረስ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞሩ ውለው፣ አንዲት ብልቃጥ ይዘው መግባታቸው ነበር። እኔ ደግሞ ከምሠራበት የዓሣ ምርምር ላብራቶሪ የምሥራች ይዤ ደረስኩ። (ሰዓት መምረጥ አልችልበትም።)

"የዓሣውን ክትባት ከባሕር አረም በተሠራ ስስ ሽፋን ጠቅልለን ከመኖው ጋር አበላነው። የሆዱ አሲድ ሳያበላሸው አንጀቱ ደረሰ" አልኳቸው።

"ለምን አትወጉትም?"

"መርፌ በጣም ያስጨንቀዋል፣ እማማ።"

እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከመወጋት ብዛት የጠቆረ ክንዳቸውን ወጉ።

"እሱስ የሚያስብለት አግኝቷል" አሉ መርፌውን እየከደኑ። "እኔን ‘ያስጨንቅሽ ይሆን?’ ያለኝ የለም።"

ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር እኔም አላልኳቸውም።

እናንተስ ቤት በየቀኑ የሚወጋ ሰው አለ? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?