ለልጄ ብልቃጥ የጠፋው ምራቅ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። በቆሎው እሸት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እሸት ታቅፌ ነው በር ላይ የተቀበልኳት።

ልጄ ዶክተር ከሆነች በኋላ እንደገና ሥልጠና ገባች። በአንድ የሕክምና ምርምር ተቋም ውስጥ ነው፤ ባዮቴክኖሎጂ የሚሉት ነገር። ድህረ ዶክትሬት ይባላል። ይህን ለሶዶ ጎረቤቶቼ ማስረዳት የኔ ፈንታ ሆነ። በበዴሳ ገበያ በሬ የሚነግደው ጎረቤቴማ ጭራሽ አልለቀቀኝም።

«ጋሼ፣ ዶክተር ሆና ገና ትማራለች? ወድቃ ይሆን?»

«ኧረ አልወደቀችም! ከጨረሱ በኋላ የሚገባበት ነው።»

«በሬ እንኳ አንዴ ከተገራ ያርሳል እንጂ እንደገና አይገራም» ብሎ ሳቀብኝ።

የዚያን ጊዜ የመጣችው ለምራቅ ነው። የእግር እብጠት አንዱን ወንድም ይዞ ሌላውን ለምን እንደሚተው ከምራቅ እንፈልጋለን አለች። የመንደሩ ሰው ካልሰጠ ሥራዋ ባዶ ሊቀር ነው። ሰዉ ደግሞ ፈራ። ምራቅ ወስደው ምን እንደሚያደርጉበት ማን ያውቃል? «አባትየው ፊታችን ይስጡና እናያለን» ተባለ።

በማግሥቱ ግቢዬ ሞላ። ልጄ «አባባ፣ እስክንጨርስ ምንም እንዳይቀምሱ፣ ውሃም ቢሆን» አለችኝ። እሺ አልኩ። ግን ሥራ ያለ ምርቃት ይጀመራል እንዴ? ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ እንትፍ እንትፍ ይላል። ልጄን አናቷ ላይ እንትፍ አልኩ። የብልቃጥ ሣጥኗንም ልመርቅ ስል «እሱን እንኳ ይተዉት!» ብላ ሸሸች። እናቶች ልጆቻቸውን አቀረቡ፤ አንዱንም አልዘለልኩም። ከዚያ በኋላ ብልቃጡን ስይዝ አፌ እንደ በጋ መሬት ደርቋል።

«ምነው ጋሼ፣ ለገዛ ልጅዎ ሰሰቱ?» አለ በሬ ነጋዴው።

ሰዉ ሳቀ፤ አንዳንዱ ሊሄድ ተነሣ። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ጉንጬን ብጠባ፣ ምላሴን ባገላብጥ ጠብ የሚል የለም።

ይኼን ጊዜ ባለቤቴ የዳጣ መፍጫ ድንጋይዋን ይዛ ወጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን ትደቁሰው ጀመር። ሽታው መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያለፈው የጊፋታ በዓል የታረደው በሬ ትዝ ይልሃል?»

«ሴትዮ፣ ተይኝ!»

«ሻኛውስ? ጮማው ዳጣ ውስጥ ሲነከር?»

ዋጥ አደረግሁ።

«አይዋጡ አባባ!» ጮኸች ልጄ። «ወደ ብልቃጡ!»

ሞላሁት። እንዲያውም ተረፈኝ። በሬ ነጋዴው ጎረቤቴ ቀስ ብሎ ተጠጋና «እኔም ልስጥ እስቲ» አለ፤ «ግን ድንጋዩን ወደዚህ አስጠጊልኝ።» ሊሄዱ የተነሡትም ከኋላው ቆሙ።

ልጄ ሥልጠናዋን በደህና ጨረሰች። ሰው ዛሬም የኔን ምርቃት ያመሰግናል። ምርቃቱማ አፌን ያደረቀው እሱ አይደል? ከዚያ ጭንቅ ያወጣችኝ ያቺ ዳጣ ፈጪ ናት፤ ባለቤቴ፣ የልጄ እናት።