የመርሳው ዘላይና የቅሬው ጥላ

የመርሳ ከተማ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ በየብስም፣ በጀልባም፣ ከተሳካለትም በአውሮፕላን ይሄዳል፤ በምንም ይሂድ በምን ግን የሚወርደው የተሳፈረበት ነገር ከቆመ በኋላ ነው። ይህን ጨዋ ልማድ የጣሰው ሂሻም እንድሪስ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ከሚበር አውሮፕላን በገዛ ፈቃዱ መውጣትን ሙያው ሊያደርግ ተነሣ። እናቱ ወይዘሮ ሲቲ ለጎረቤት «ልጄ የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነው» ይሉ ነበር። አልዋሹም፤ እዚያ የሚያርፈው አውሮፕላን ብቻ አለመሆኑን ግን የነገራቸው አልነበረም።

ሥራውን የጀመረው በበረሃ ዳር ባለ አንድ የዝላይ ሜዳ፣ ፓራሹት የሚታጠፍበትን አዳራሽ በመጥረግ ነው። ሲጠርግ እያየ ማጠፍን ለመደ፤ ሲያጥፍ ከርሞ ደግሞ መዝለል አማረው። አንድ ግብጻዊ አሠልጣኝ ምኞቱን ዐውቆ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሊያስተምረው ተስማማ። ትምህርቱ የተጀመረው በዕቃ መረጣ ሲሆን፣ እንደ ጀማሪ ሁሉ የሂሻምም ዐይን ያረፈው ትንሽ፣ ጥቁርና ፈጣን በሆነች ፓራሹት ላይ ነበር።

«ስንት ትመዝናለህ?» አለው አሠልጣኙ።

«ስድሳ ስምንት።»

«ከነጫማህ፣ ከነልብስህ፣ ከተሸከምከው ዕቃ ጋር ነው የምልህ። ሰማይ ራቁትህን አይመዝንህም።»

ሂሻም ከነዕቃው ቢመዘን ከብዶ ተገኘ።

«በል ይቺን ተዋት» አለ ሰውየው። «ትንሽ ጨርቅ ፈጣን ናት፤ ስሕተትህንም ፈጥና መሬት ታደርስልሃለች። ለጀማሪ የሚበጀው ሰፊ ነው። ይዘገያል፣ ሰው ይስቅብሃል፤ ግን በእግርህ ያቆምሃል።»

ስለዚህ ሌላ ዘላይ የተገለገለበትን፣ ቀይና ቢጫ፣ ሲዘረጋ አንድ ክፍል ቤት የሚያክል ፓራሹት መርጦ ገዛ። የራስ ቁር ሲለካ ጭንቅላቱን እንዲነቀንቅ ታዘዘ፤ ቁሩ ከራሱ ዘግይቶ ከተነቃነቀ የሌላ ሰው ራስ እየፈለገ ነው ተባለ። በእጁ ላይ የሚታሰረውን የከፍታ መለኪያም ቁጥሩ ጎላ ያለውን ወሰደ፤ የደነገጠ ሰው ደቃቅ ቁጥር አያነብምና። መጠባበቂያውን ፓራሹት ግን እንዲነካ እንኳ አልተፈቀደለትም፤ እሱን የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። ሂሻም በዚህ ቅር ቢለውም፣ የመጨረሻ ተስፋን የሚያጥፍ ሰው ፈቃድ ቢጠየቅ ነውር እንደሌለው ኋላ ተረዳ።

ቀጥሎ የሰውነት ትምህርት መጣ። አየር ላይ የሚወድቅ ሰው ሆዱን ወደ ምድር ሰጥቶ፣ ወገቡን እንደ ቀስት ለጥጦ፣ እጁንና እግሩን ዘርግቶ መውደቅ አለበት። ሂሻም ይህን ስምንት ሆነው በሚያድሩበት ክፍል፣ አልጋው ላይ በሆዱ ተኝቶ ይለማመድ ያዘ። ወደ ዳሌው እጁን ልኮ የሌለ የፓራሹት መክፈቻ እየጎተተ፣ በዐረብኛ እየቆጠረ ሲንፈራገጥ ያዩት የክፍል ጓደኞቹ፣ ጂን ለክፎታል ብለው ቁርኣን የተቀራበት ውኃ ረጩበት። እርጥብ እንደሆነ ልምምዱን ጨረሰ። ከዚያም ሁለት አሠልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘውት ዘለለ፤ ቀጥሎ አንድ፤ በመጨረሻም ብቻውን። የዘላይነት ፈቃድ ለማግኘት ጥቂት ዝላዮች ሲቀሩት፣ ፈቃዱን ካገኘ ረዳት አሠልጣኝ እንደሚሆን ቃል ተገባለት። ግብጻዊውም ለዕረፍት ሲሸኘው እንዲህ አለው፦ «ይህን ጨርቅ ከፀሐይ፣ ከእሾህና ከሰው እጅ ጠብቀው። የተጎዳ ጨርቅ ምድር ላይ ሆኖ አይነግርህም።»

በሰኔ 2013 ለዕረፍት መርሳ ሲገባ ዕቃውን በጀርባው አዝሎ መጣ። ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል የተተወ ዕቃ የስምንት ሰው ነውና። ሰፈሩ «እስኪ አሳየን» ሲለው፣ መሬት እንዳይነካበት ፈራ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰሌኑን ተሸክሞ መጣ፤ ግቢው በሰሌን ተነጠፈና ፓራሹቱ በክብር ተዘረጋ።

«እስከ ወልድያ ስንት ታስከፍላለህ?» አለ ባጃጅ ነጂው አበባው። «ሥራ ሊያሳጡን ነው እኮ ጎበዝ!»

የአጥር ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው አቶ ወርቁ ደግሞ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት። «ከዚህ ስንት ቬሎ ይወጣ ነበር! ሙሽራይቱን ነፋስ እንዳይወስዳት ግን ባልየው አጥብቆ መያዝ አለበት።»

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ከወልድያ አልፎ መርሳ ደረሰ። ስልኩም መብራቱም ጠፋ፤ መንገዱ ተዘጋ። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች መሣሪያና የመገናኛ ዕቃ ፍለጋ ቤት ለቤት መግባት ጀመሩ። ከነማሰሪያው የወታደር ትጥቅ የሚመስለው የሂሻም ዕቃ ደግሞ ፈታሽ አይቶ የሚያልፈው አልነበረም።

«አቃጥለው!» አሉ ወይዘሮ ሲቲ።

«እማ፣ እንጀራዬ እኮ ነው!»

«እንጀራህን ሲጋግሩብህ ታያለህ!»

ንትርኩን በአጥር የሰሙት አቶ ወርቁ ብቅ አሉ። «አምጣው ወዲህ። ልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ ቢገኝ ማን ይገረማል?»

ወሰዱና ባለቤቶቹ ሳይወስዱት በሸሹት ልብስ ክምር ሥር ቀበሩት። ፈታሾቹ መጥተው ከክምሩ ሥር ያበጠው ምን እንደሆነ ሲጠይቁ «የሙሽራ ልብስ ነው» አሏቸው። አቶ ወርቁ በገዛ ቀልዳቸው ቀድመው የመሳቅ አመል ስለነበረባቸው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በዚህም ወገባቸውን በሰደፍ ተመቱ። ክምሩ ግን አልተገለበጠም። ፍተሻው ጋብ ሲል ዕቃውን ለሂሻም ሲመልሱ ወገባቸውን ይዘው ነበር። «እንካ» አሉት፤ «ሙሽራህ ከባድ ናት።»

አቶ ወርቁ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። መድኃኒት ከከተማዋ ጠፋ፤ ጥቅምት ላይ አረፉ። የገደላቸው ሰደፉ አልነበረም፤ ሂሻም ግን ይህን ለራሱ ደጋግሞ መንገር ያስፈልገው ነበር።

የሰፈሩ ቅሬ ክርስቲያን እስላም ሳይል አብሮ የሚቀብር፣ አብሮም የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው። ድንኳኑን ግን ታጣቂዎቹ ከነምሰሶው ወስደውታል። የሟቹ ግቢ ደግሞ፣ በማንጎ በሚታወቅ አገር፣ አንድ ዛፍ የለውም፤ አቶ ወርቁ ቅጠሉ የደንበኛ ልብስ ላይ ይረግፋል ብለው አስቆርጠውታል። ሕዝቡ ከቀብር ሲመለስ የመርሳ ፀሐይ ግቢው መሐል ተቀምጣ ጠበቀችው። አበባው ሰማያዊ የላስቲክ ሸራውን ከአንድ ጥግ ወጥሮ ሽማግሌዎቹን አስጠለለ። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ውባለም ደጃፉ ላይ፣ ሐሩሩ ውስጥ ነበሩ።

የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሄዲን ሂሻምን ወደ በሩ ገለል አደረጉት።

«ልጄ፣ ያ የሰማይ ጨርቅህ ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው ሼሃችን።»

«እስከ ሠልስቱ ብታውሰን ብዬ ነው። አራት እንጨት አቁመን በወጉ እንወጥረዋለን።»

ሂሻም ዞር ቢል እንጨቱ ተዘጋጅቷል፤ እሾሁ በቅጡ ያልተመለመለ ግራር ነበር። ፀሐይ፣ እሾህ፣ የሰው እጅ፤ ሦስቱም በአንድ ግቢ ተሰብስበው ጠበቁት። ፈቃዱም ረዳት አሠልጣኝነቱም በዐይኑ ፊት ሲቀደድ ታየው። «አልሰጥም» እንዳይል፣ በለቅሶ ቤት «የለኝም» ይባላል እንጂ «አልሰጥም» አይባልም። «የለኝም» እንዳይል፣ ሰሌን ያነጠፈው ሰው ሁሉ ቆሟል። መልስ ፍለጋ ሽቅብ አየ፤ አገኘም።

«ሼሃችን፣ ሳስቼ አይደለም። ቀለሙ ከሩቅ እንዲታይ ተብሎ የተሠራ ነው። በድሮን ከላይ ለሚያይ ሰው የጦር ሰፈር ይመስላል።»

ሼሁ ደነገጡ። «ይኼን ማን ያስባል! አንተ ሰማዩን ታውቀዋለህ። የአበባው ሸራስ?»

ሂሻም እዚህ ላይ መቆም ይችል ነበር። ነገር ግን ቀዩ ይታያል ተብሎ ሰማያዊው አይታይም ቢባል ውሸቱ አያምርም።

«እሱም ይታያል።»

«ይኼ ሁሉ ሰው ነጠላ ለብሶ መሰብሰቡስ?»

«ባይሰበሰብ… ይሻላል።»

አበባው ሸራውን ሲያወርድ፣ ከደቡብ አንድ የጦር አውሮፕላን ግቢውን በድምፁ አናውጦ ወደ ወልድያ አለፈ። ቦምብ አልጣለም፤ ወደ መርሳም አልተመለሰም። ሰው ሁሉ ግን ከሰማዩ ላይ ዐይኑን አውርዶ በአንድነት ሂሻምን አየ። እንዲህ በፍጥነት እውነት የሆነ ውሸት በሀብሩ ወረዳ ውስጥ አልታየም፤ ዋሾውም እንዲህ ደንግጦ አያውቅም።

«ያ ረቢ! ይኼ ልጅ ባይኖር!» አሉ ሼሁ።

ሕዝቡ በሁለትና በሦስት ሆኖ ተበተነ። ወይዘሮ ውባለም ከደጃፉ ብድግ አሉ።

«ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? ወርቁን ለማን ትታችሁት ነው?»

ነገሩ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውስጥ ገቡ። የማንም ለቅሶ የማያመልጣቸው የአቶ ወርቁ ለቅሶ፣ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ፣ በአንዲት ክፍል ተለቀሰ። እስከ ሠልስቱ አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ሲቲ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የሞተ ሁሉ በሂሻም ምክር በየጓዳው ተለቀሰ። ሴቶቹ ከጓሯቸው የቀጠፉትን ፓፓያ ላኩለት፤ አበባው «ራዳራችን!» እያለ በሩቁ እጁን ያነሣለት ጀመር። ሂሻምም ምስጋና የሚበዛበትን መንገድ እየተወ በጓሮ በኩል መሄድ ለመደ።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ። መንገዱ ሲከፈት ሂሻም ወደ ሥራው ሊመለስ ጉዞውን ያሰናዳ ጀመር። በዚህ መሐል ጥር ላይ ወይዘሮ ውባለም በጊዜው ያላወጡትን የባላቸውን ተዝካር አወጡ። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በየወጉ ታርዶ፣ ግቢው ዳግመኛ በሰው ሞላ፤ ድንኳን ግን ዛሬም አልነበረም። ሼህ ሙሄዲን ለምርቃት ተነሡ፤ ሟቹን ካነሡ በኋላም እጃቸውን ወደ ሂሻም ዘረጉ።

«ያን ቀን ይህን ሰፈር ከጥፋት ያተረፈ ልጅ ነው። አላህ ዕድሜውን ያርዝመው!»

«አሚን!» አለ ግቢው፤ «አሜን!» የሚለውም ወገን ተከተለ።

ሂሻም ብድግ አለ። «ሼሃችን፣ አይመርቁኝ። ዋሽቼ ነው። ፓራሹቱ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው።»

አበባው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ሸራዬንስ? ያቺን የላስቲክ ሸራዬንም ለጨርቅህ ስትል ነው ያስወረድከኝ?»

«አዎ።»

«ወይ አንተ ሰውዬ!» አለና ሌላ ቀልድ ሳይጨምር ተቀመጠ።

ሼሁ ልጁን ከወደቀበት ሊያነሡት ሞከሩ። «አውሮፕላኑ ግን መጥቶ ነበር እኮ።»

«እኔ የዋሸሁት ሳይመጣ ነው፣ ሼሃችን። ቅሬው ይቅጣኝ።»

«ቅጣትማ ቀላል ነው፤ ፈጽመኸው ትገላገላለህ» አሉ ሼሁ። «ወይዘሮ ውባለምን ይቅርታ ጠይቅ።»

ወይዘሮ ውባለም ከሴቶቹ መሐል ቀና አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡለት ይሻለው ነበር።

«ወርቁን ባለቀስኩበት አፍ አንተን ስመርቅ ከረምኩ» አሉት። «እንግዲህ ምርቃት ተመልሶ አይዋጥ።»

«ጨርቁን ይዤው መጥቻለሁ፣ እትዬ። እዚህ ይቅር።»

«ለቅሬው ከሆነ ዳኛው ይቀበሉህ። ለወርቁ ግን አልቀበልም። የወርቁ ለቅሶ አልፏል።»

«ቅሬው ይቀበላል» አሉ ሼሁ በአጭሩ። ዕቃው አጥሩ ሥር ተቀመጠ፤ ሊያየው የተነሣ ሰው አልነበረም።

ሂሻም ወደ እናቱ ሄደ። ወይዘሮ ሲቲ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ነበር። ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል ሸሹት።

«ያን በር ዘግቼ የተቀመጥኩት ልጄ ሰው አተረፈ ብዬ ነው። ውባለም ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ‹ዝም በይ› እላት ነበር፤ እኔ ነኝ አፏን የያዝኩት።» የውኃውን ጆግ ወደ እሱ ገፉት። «ምን ገትሮሃል? ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው፤ ውኃ አዙር!»

ጆጉና ኩባያውን አነሣ። ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ በየተራ እያጎነበሰ ቀዳ። የቀዱለትን ውኃ ጠጥቶ ሳይመርቅ ኩባያ የሚመልስ ሰው ደግሞ በዚያ አገር የለም። «ጀዛከላህ» አለ አንዱ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሌላው። አበባውም ጎምዘዝ ብሎት «ተባረክ» አለ። ሂሻም ፊቱን ወደ ምድር እንዳቀረቀረ፣ አንድ ሰው እንኳ ዝም ቢለው እየተመኘ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ።