ጸበል ቤት የተሰቀለው አንጎሌ

ሐረር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ እንዳለው ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስያለሁ፤ የራሴ ልባስ ይላጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። መጀመሪያ ግራ ዓይኔ ደበዘዘ። ቀጥሎ አንድ ቀን ሸዋ በር ላይ ከሚኒባስ ስወርድ ቀኝ እግሬ መሬት መርገጡን ሳይነግረኝ ቀረ።

አዲስ አበባ ሄጄ ኤም አር አይ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አንጎሌ ውስጥ ያሉትን ነጫጭ ነጠብጣቦች አሳየኝ። መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አለኝ፤ ሰውነትን እንዲጠብቅ የተሠራው ኃይል ተሳስቶ የነርቭን ልባስ የሚያጠቃበት በሽታ። ማልቀስ ሲገባኝ ወንበሬን አስጠግቼ ማየት ጀመርኩ። የራሱን አንጎል ስንት ሰው አይቷል?

እናቴ ጸበል አስጠመቀችኝ። ክኒኑንም ጸበሉንም እሺ ብዬ ወሰድኩ። ከሳምንታት በኋላ እግሬ ተመለሰ። ይህ በሽታ እንዲህ መጣ ሄድ እያለ ይቆያል፣ ድኛለሁ ማለት አይደለም ብዬ ነገርኳት። እሷ ግን እልል ብላ ጨርሳ ነበር።

ዓመት ሲሞላ ለሁለተኛው ምርመራ ተቀጠርኩ። ሐኪሙ ደወለና፣ «የመጀመሪያውን ፊልም እንዳትረሺ። ያነሡሽ ማሽን ተበላሽቶ የድሮ ምስል የለውም። አዲሱን ብቻ ካየሁ የትኛው ነጠብጣብ አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ አላውቅም። ወደፊት እግርሽ ምን እንደሚሆን መገመት የምችለው ሁለቱን ሳስተያይ ነው» አለኝ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ፈለግኩ። የለም። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እማዬ፣ ፊልሜን አይተሽዋል?»

ቀና አላለችም። «ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለስለቴ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ በእግሯ ከሄደችልኝ ማስረጃውን ይዤ እመሰክራለሁ ብላ ተስላ ኖሯል። እኔ ሳላውቅ አንድ እሑድ ጸበሉ ቦታ ሄዳ፣ ሕዝብ ፊት ቆማ፣ ልጄ ድናለች ብላ መስክራ፣ ፊልሙን እዚያው ትታው መጣች። ደሜ ፈላ። «የእኔን ጭንቅላት ማን ስጪ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ምስሩን ትታ ነጠላዋን አነሣች።

በባጃጅ አብረን ሄድን። መንገድ ላይ፣ «ስለት ይመለሳል እንዴ?» አለችኝ። የፈራችው ፊልሙን ብትወስድ በሽታውም ተከትሎን ቤት እንዳይገባ ነበር። ያን ጊዜ አሳዘነችኝ፤ እጇን ያዝኩ።

አጥማቂው ቄስ ጉዳያችንን ሰምተው ወደ አንዲት ክፍል ወሰዱን። ግድግዳው ላይ ክራንችና ከዘራ ተደርድሯል፤ መሐሉ ላይ የእኔ አንጎል በምስማር ተመትቶ፣ ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል። ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ክርኗን ጎኔ ላይ ሰካችው።

«አባቴ፣ ብወስደው ይቀየሙኛል?» አለች ለቄሱ።

«ምን ቆርጦኝ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ውሰጂው ልጄ፣ ለሐኪሙ አሳዩት» አሉና ምስማሩን ራሳቸው ነቀሉት።

አዲስ አበባ ሄደን ድጋሚ ኤም አር አይ ተነሣሁ፤ ሐኪሙ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀለ። ጣቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ዓይኔ ተከተለው። አንድ ቦታ ላይ ቆመና ፊቱን አጨማደደ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እሱ የምስማር ቀዳዳ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ከዚያ ጣቱ ወደ አንገቴ፣ ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ወረደ። «ይህቺ ግን አዲስ ናት» አለ።

ምንም አልተሰማኝም ነበር! በገዛ አንገቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን እንዴት አላወቅኩም? ጥያቄ አዘነብኩበት። አንጎል ጉዳትን በሌላ መንገድ እየዞረ ሊሸፍነው እንደሚችል፣ ሕብለ ሰረሰር ላይ ያረፈ ነጠብጣብ ግን ለእግር እንደሚያሰጋ ነገረኝ። «ደም ውስጥስ የሚታይ ነገር የለም?» አልኩት። ነርቭ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን አለ፤ የእኛን የሚለካልን ውጭ አገር ነው፤ እሱም ቢሆን ብቻውን ነቢይ አይደለም አለኝ።

እናቴ ነጠላዋን ጨብጣ፣ «ዶክተር፣ ልጄ ትሄዳለች?» አለችው።

«ዛሬ እየሄደች ነው እናቴ። የነገውን ልምልልዎት አልችልም። ነገር ግን ቀድመን ስላየነው ከዛሬ ጀምሮ ጠንከር ወዳለ መድኃኒት እንቀይርላታለን።»

ሐረር በገባን በመጀመሪያው እሑድ እናቴ፣ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ። ጸበሉ ቦታ ምስክርነት ሲጀመር እጇን አወጣች። ቄሱ ፈቀዱላት። ባዶ እጇን ነበረች፤ ፊልሞቹ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ናቸው።

«ባለፈው ልጄ ዳነች ብያችሁ ነበር» አለች። «አልዳነችም።»

 አንገቴን ደፋሁ።

«ቁሚ» አለችኝ።

ቆምኩ።

«እዩአት፣ ዛሬ ቆማለች። የምመሰክረው ስለ ዛሬ ነው።»

እልልታው ከየት በኩል እንደጀመረ አላውቅም። ቀኝ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበሽታው ይሁን ከእናቴ ቃል፣ ያንን የሚለይ ፊልም ቢኖር ለማየት እጓጓ ነበር።